ሙሐዲን ያጠበበው ድራም

ኮልፌ ውስጥ ፓስፖርት እንኳ የሌለው አንድ ልብስ ሰፊ፣ ባሕር ማዶ ያለ የሮክ ባንድ አበላሽቷል ቢባል ማን ያምናል? ማንም። ግን ሆኗል። ያውም በክፋት ቢሆን አንድ ነገር ነው፤ ሰውዬው ባንዱን ያበላሸው በጨዋነት ነው። ጨዋ ሰው ስንት ነገር እንደሚያበላሽ መቼስ ተቆጥሮ አያልቅም።

ሰውዬው ሙሐዲን ይባላል። የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋል። ሱቁ ከገበያው ወደ ላይ ሲወጣ ከወፍጮ ቤቱ ቀጥሎ ያለችው ሰማያዊ በር ናት፤ አንድ ሰው ተቀምጦ አንድ ሰው ከቆመ የምትሞላ ክፍል። ግድግዳዋ ጭቃ ነው። ከግድግዳው ወዲያ ወይዘሮ አስካለማርያም ብቻቸውን ይኖራሉ፤ የሻምበል ሚስት ነበሩ፣ ሻምበል ካረፉ ቆይተዋል፣ ልጆቹም ተበትነዋል። በጋራው ግድግዳ ላይ የሻምበል ፎቶ በወርቃማ ፍሬም ተሰቅሏል። ይህን ፎቶ አንርሳው፣ ብዙ ጊዜ ይወድቃል።

የዛሬ ሰባት ዓመት ነው። የሙሐዲን የእህት ልጅ ሲሃም፣ ቤቴል አንድ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራው፣ ለአጎቷ ስልኩ ላይ ሙዚቃ የሚያጫውት ነገር ጫነችለት። ስልኩን አሮጌው ድምፅ ማጉያ ላይ ሰካች፣ የሚወዳቸውን መንዙማዎችና ሁለት ሦስት የድሮ ዘፈን አስገባች፣ «በቃ፣ እየሰማህ ሥራ» ብላ ሄደች። ስልኩ ግን የተሰጠውን ሲጨርስ አርፎ አልተቀመጠም። በገዛ ፈቃዱ ሌላ ያመጣል፣ ከዚያም ሌላ። ሱዳን ሄደ፣ ቱርክ ሄደ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ኢስቶኒያ ገባ።

ድራሙ በረዶ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ነው። ጊታሩ ብረት ይቆርጣል። ዘፋኙ ደግሞ ሂሳብ እንዳልተሰጠው ወያላ ይጮሃል። ሙሐዲን ሊያጠፋው እጁን ዘረጋ፤ እግሩ ግን ፔዳሉ ላይ ነበር፣ እግሩም አላስፈቀደውም። ከድራሙ ጋር ተያያዘና መሮጥ ጀመረ። መኪናው ይንጣጣል፣ ክሩ ይግተለተላል፣ ሱሪው ከዚህ ገብቶ ከዚያ ይወጣል። በቀን ስድስት ሱሪ የሚሰፋው ሰውዬ ለዙህር ሶላት ሲነሣ አሥራ አንድ ሱሪ ጨርሶ ነበር። አላመነም። ደግሞ ቆጠረ። ላቡን ጠረገና እንደ ልጅ ሳቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከዚያ አልበም ሌላ አልሰማም አለ።

ስማቸውን ሲሃም አገኘችለት። ኩልም ፑደር ይባላሉ፤ በእነሱ ቋንቋ ቀዝቃዛ ገንፎ ማለት ነው። ሙሐዲን አዘነላቸው። ወይዘሮ አስካለማርያምም ሲሰሙ፣ ትኩስ ገንፎ የሚያበላቸው ዘመድ የላቸውም ወይ ብለው ጠየቁ። አራት ናቸው፤ የሚጮኸው ታርሞ፣ ድራም የሚመታው ካውፖ። የቀሩት ሁለቱ በፎቶው ላይ ፊታቸውን በፀጉር ስለሸፈኑ ሙሐዲን እስከ ዛሬ አይለያቸውም።

በሦስተኛው ቀን ወይዘሮ አስካለማርያም የሻምበልን ፎቶ ታቅፈው መጡ። ወድቋል። ደማቸውም ከፍ ብሏል፣ ዶሮዎቹም እንቁላል ሊያቆሙ ነው። ይህን ሁሉ በደንበኛ ዱካ ላይ ተቀምጠው፣ ሙሐዲን ያዘዘላቸውን ሻይ እየጠጡ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል አስረዱና ሄዱ። በነጋታው ተመልሰው መጡ፤ ፎቶው እንደገና ወድቋል። በማግሥቱም። ሙሐዲን ይቅርታ ይጠይቃል፣ ሻይ ያዛል፣ ሚስማር ያቀብላል።

ሌላ ሰው ቢሆን ምን ያደርግ ነበር? ድምፁን ይቀንሳል። ማጉያው ላይ በቀኝ በኩል የጠርሙስ ክዳን የምታህል የምትዞር ነገር አለች፣ እሷን መንካት ነው። ሲሃምም ይህንኑ ነገረችው። ሙሐዲን ግን በስፌት ሥራው አንድ ሕግ አለው። ደንበኛ መጥቶ ሱሪው ሰፋኝ ካለ፣ አንተ ወፍር አይባልም። ሱሪው ወደ ልብስ ሰፊው ይመለሳል፣ እሱም ያጠብበዋል። ባለሙያ በሥራው ላይ የተሰማውን ቅሬታ ማወቅ አለበት፤ ያልነገረው ሰው ነው የበደለው። እናም ሙሐዲን ጎረቤቱን ያስከፋውን ነገር ለሠሪዎቹ ማሳወቅ ግዴታዬ ነው አለ።

ሲሃም እየሳቀች በእንግሊዝኛ ጻፈችለት፣ ከዘፈኑ ቪዲዮ ሥር ለጠፈችው፦ «ሥራችሁ ጥሩ ነው። ጨርቁም ስፌቱም ጠንካራ ነው። ድራሙ ግን ግድግዳ ያልፋል። ትንሽ ብታጠብቡት። ሙሐዲን፣ ኮልፌ።»

እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት ነገር፣ በዚያን ጊዜ ቀዝቃዛ ገንፎን የሚሰማ ሰው በአገራቸውም አልነበረም። የታርሞ እናት አሉ፣ አንድ የጥርስ ሐኪም አለ፣ በቃ። በዚያ ወር ግን ዘፈኖቻቸው ዘጠኝ መቶ ጊዜ ተሰምተው አገኙ፤ ከዚያ ውስጥ ስምንት መቶ ሰባው አዲስ አበባ ነው። ማነው እያሉ ሲገረሙ ቃል መጣላቸው፤ ያውም ስለ ግድግዳ። ታርሞ ከሦስት ሳምንት በኋላ መለሰ። ተሰብስበን አሰብንበት፣ ልክ ነህ፣ ግድግዳ ማለፍ ለምን እንዳስፈለገን ራሳችንን ጠየቅን፣ መልስ አላገኘንም አለ።

ሁለተኛው አልበም ሲወጣ ካውፖ የድራም እንጨቶቹን ካልሲ አልብሷቸዋል። ድራሙ ሲመታ ትራስ የሚራገፍ ይመስላል። አገራቸው ያለ ጋዜጣ «በቀስታ የመምታት ድፍረት» ብሎ ጻፈላቸው፣ ሽልማትም ተሰጣቸው። ሙሐዲን ደስ አለው። ባለሙያ ማለት እንዲህ ነው፣ ሲነገረው የሚያስተካክል እያለ ለደንበኛ ሁሉ አወራ። ለእሱ ብለው ያስተካከሉትን ትቶ አሮጌውን መክፈትም ነውር መሰለው። የሱሪው ቁጥር ከአሥራ አንድ ወደ ስምንት መውረዱን ግን ለማንም አልተናገረም።

ቀጥሎ ገረሱ መጣ። ገረሱ ከቤቴል ጦር ኃይሎች ሚኒባስ የሚነዳ፣ ሆዱ የቀደመው፣ ምላሱ የማያርፍ ሰው ነው። የወንበር ልብስ ሊያሰፋ ነው የመጣው። ዘፈኑን ሰማ፣ በሚኒባሱም ከፈተው፣ ተመልሶ ጥሩ ነው አለ፤ ግን አንዱ ዘፈን ከቤቴል ተነሥቶ ጦር ኃይሎች ድረስ አያልቅም፣ ተሳፋሪ መሃል ላይ እየወረደ ነው፣ ነውር አይደለም ወይ አለ። ሙሐዲን ይህንንም አስጻፈ፤ «ትንሽ ቢያጥር።» ሦስተኛው አልበም ሃያ ሁለት ዘፈን ይዞ መጣ፣ ሁሉም ከደቂቃ በታች። ታርሞ አፉን ከፍቶ ሳይዘጋ ያልቃል። ይህ ደግሞ የባሰ ተወደደ። ጀርመን ሄደው ዘፈኑ፣ ሰዉ ኮቱን ሳያወልቅ ኮንሰርቱ አለቀ አሉ።

የመጨረሻው ጥፋት የራሱ የሙሐዲን ነው። አዛን ሲል ስልኩን ያጠፋል፤ ታርሞን በቃሉ መሃል ሲቆርጠው ግን ይሉኝታ ይይዘዋል። ሰው እያወራ እንዴት ይዘጋበታል? እናም በጨዋ ደንብ አስጻፈ፤ በየመሃሉ ማረፊያ ብትተውልኝ። ተዉለት። አራተኛው አልበም ላይ ታርሞ አንድ ቃል ይላል፣ ከዚያ ጸጥ። ቆይቶ ሌላ ቃል፣ ከዚያ ጸጥ። ካውፖ በአልበሙ ውስጥ በጠቅላላው ሁለት ጊዜ ነው የሚመታው፤ ሁለተኛውም ሳያስበው ነው ይባላል።

ይህ አልበም ዓለም አዞረ። ታርሞ በአንድ ትልቅ ጋዜጣ ላይ፣ ድምፃችንን ቅርጽ ያስያዘው ኮልፌ የሚኖረው ታላቁ ሃያሲ ሙሐዲን ነው ብሎ ተናገረ። ሲሃም ይህን አትማ አመጣችለት፤ እሱም ፕላስቲክ አስለብሶ ከመኪናው በላይ ሰቀለው። ገረሱ «ሃያሲው» ይለው ጀመር። ቀልድ ነው፣ ግን ቀልዱ ደስ ይላል። በሃያ ስድስት ዓመት የስፌት ሥራው ውስጥ የሙሐዲንን ስም ወረቀት ላይ የጻፈ ሰው የቀበሌ ሠራተኛ ብቻ ነበር። አሁን ሱሪ ለማሳጠር የመጣ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ያነባል፤ ሙሐዲንም ያላየ መስሎ መርፌ ውስጥ ክር ያስገባል።

ውስጡ ግን እያረረ ነበር። ስልኩ ጦር ኃይሎች ታክሲ ሲጋፋ ተሰርቋል፤ በአዲሱ ስልክ የመጀመሪያውን አልበም ቢፈልግ የለም። ሲሃም ጠይቃ ደረሰችበት፤ ባንዱ ራሱ ከኢንተርኔት አንሥቶታል፣ ያ ጩኸት ሙሐዲንን ስላስቸገረው አፍረንበት አጠፋነው አሉ። ከዚያ ወዲህ እግሩ ፔዳሉ ላይ ተኝቶ ይውላል። በቀን አራት ሱሪ፣ አንዳንዴ ሦስት። አንድ ቀን በአራተኛው አልበም ጸጥታ መሃል እንቅልፍ ወሰደውና የአንድ ልጅ ሱሪ እግሮቹን ከታች ድፍን አድርጎ ሰፋው፤ እናቲቱ ሱሪውን እንደ ከረጢት አንጠልጥላ መለሰችለት። ነሐሴ ገብቷል፣ ትምህርት ሊከፈት ነው፣ መቶ አርባ ዩኒፎርም ይጠብቀዋል። ወይዘሮ አስካለማርያምም ወደ ሱቁ ብቅ ካሉ ዓመት አልፏቸዋል። ሙሐዲን ይህኛውን እንኳ እንደ ድል ቆጥሮት ነበር፤ ቅሬታቸው ተፈታ ማለት ነው።

በዚሁ ነሐሴ ከታርሞ መልእክት መጣ። አምስተኛውንና የመጨረሻውን አልበም ጨርሰናል ይላል። ካውፖ የሚመታው ነገር ስላጣ ከሰኞ ጀምሮ ጎሚስታ ሆኖ ይቀጠራል፣ ከዚያ በኋላ ባንድ የለም። ከመለያየታችን በፊት ግን በቪዲዮ እናናግርህ፣ የመጨረሻ ቃልህን ስጠን። ገረሱ ጎሚስታ ጥሩ ሥራ ነው አለ። ሙሐዲን ግን ሳምንቱን ሙሉ ምግብ አልበላልህ አለው። እውነቱን ከተናገረ ሃያሲነቱ ያበቃል፣ ፕላስቲኩ ይወርዳል፣ እንደ ድሮው ልብስ ሰፊው ሙሐዲን ይሆናል። ካልተናገረ ደግሞ በሕይወቱ እግሩን ያስሮጡት ብቸኛ ሰዎች በእሱ ምክንያት ይበተናሉ። ሲሃም «ንገራቸው አጎቴ» ትለዋለች። እሱ ሽልማት የተሸለሙበትን ነገር እንዴት ይሄ ስህተት ነበር እላለሁ ይላል።

ዓርብ፣ ከጁምዓ መልስ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ስልኩ ማጉያው ላይ ተሰክቶ መደርደሪያው ላይ ቆመ። ሲሃም ለማስተርጎም ከሥራ አስፈቅዳ መጥታለች። ገረሱ ሚኒባሱን በር ላይ አቁሞ ግማሽ አካሉን ወደ ውስጥ አስገብቷል፣ ሙሉው አይገባም። ወይዘሮ አስካለማርያም ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው ዱካቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ሲሃም ጠርታቸው ነው። ሰላምታ ሰጥተው ቤቱ ጠቦ ነው ወይስ እኔ ሰፍቼ አሉ እንጂ ሌላ አልተናገሩም።

ታርሞ ታየ። ያ ሲጮህ የነበረ ሰው ቀጥኖ፣ ጢሙ ረዝሞ፣ በሹክሹክታ ነው የሚያወራው፤ ሲሃም ጆሮዋን ማጉያው ላይ ለጠፈች። ከኋላው፣ ወጥ ቤት በሚመስል ክፍል ውስጥ፣ ካውፖ እጆቹን ኪሱ ከትቶ ቆሟል። እጁን የት እንደሚያደርገው የጠፋው ሰው ያሳዝናል፤ ሙሐዲን ዓይኑን ከእሱ ላይ መንቀል አቃተው። ታርሞ አዲሱን ዘፈን ላሰማችሁ አለ፣ አንድ ነገር ተጫነ፣ ዓይኑን ጨፈነ።

ምንም የለም። ሱቁ ውስጥ ያለው ሁሉ ጆሮውን ቀስሮ ይጠብቃል። አንድ ደቂቃ አለፈ። ገረሱ አፍንጫውን አሸ። ሁለት ደቂቃ። ከወፍጮ ቤቱ ጩኸት ሌላ የሚሰማ ነገር የለም። በሦስተኛው ደቂቃ ወይዘሮ አስካለማርያም ወደ ሲሃም ዘንበል አሉ።

«ልጄ፣ ኔትወርኩ ሄደ እንዴ?»

ሲሃም ያስተረጎመችው ሳታስበው ነው፤ ሥራዋ መስሏት። የካውፖ ትከሻ በሳቅ ተንቀጠቀጠ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ታርሞ ግን ዓይኑን በዝግታ ገለጠ፣ የተናገሩትን ቃል ለራሱ ደገመው፣ ከዚያ እስክሪብቶ አነሣ። ሊጽፈው ነው። ሙሐዲን ይህን ሲያይ ደንግጦ ተነሣ፤ ይህ ሰውዬ ከወይዘሮ አስካለማርያም ንግግር ስድስተኛ አልበም ሊያወጣ ይችላል።

«ታርሞ ወንድሜ፣ አትጻፈው» አለ። ፕላስቲኩን ከግድግዳው አወረደና ደረቱ ላይ ገልብጦ ያዘው። «እኔ ሃያሲ አይደለሁም። የልጆች ዩኒፎርም ነው የምሰፋው። ድራሙን አጥብቡት ያልኩህ ግድግዳዬ ጭቃ ስለሆነ ነው። አሳጥሩት ያልኩህ የገረሱ መንገድ አጭር ስለሆነ ነው። ማረፊያ ተዉ ያልኩህ ለሶላት ሳጠፋህ ስለማፍር ነው። እኔ በሥራችሁ ላይ አንድም ነገር አልጎደለኝም። ያንን የመጀመሪያውን እወደው ነበር። እስከ ዛሬ እግሬ እሱን ነው የሚፈልገው።»

ሲሃም ቃል ሳታስቀር አስተረጎመች። ታርሞ ዝም አለ፤ ይሄኛው ዘፈን ይሁን እውነተኛ ዝምታ የለየ ሰው የለም። ከቆየ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ ሰባት ዓመት ሙሉ እንደምትወደው ለምን አልነገርከንም?

ሙሐዲን ይህን ጥያቄ አላሰበበትም ነበር።

«ሱሪው ልክ የሆነለት ደንበኛ እኮ አይመለስም» አለ። «የወደደ ሰው ለብሶት ይሄዳል። ተመልሶ የሚመጣው ቅር ያለው ነው። እኔ መውደድ የሚነገር አልመሰለኝም።»

ከዚያ ወይዘሮ አስካለማርያም ነጠላቸውን አስተካከሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ ይሄ ሁሉ ከተወራ እኔም ልናገር» አሉ። «የሻምበል ፎቶ የወደቀው አንድ ቀን ብቻ ነው። ሌላውን ሁሉ እኔ ነኝ ያወረድኩት። ሰው ያለ ምክንያት ሰው ቤት ይሄዳል? ድራሙ ሲመታ ወዲያ ማዶ ሰው እንዳለ አውቃለሁ፣ ተቆጥቼም እመጣለሁ፣ ሻይም እጠጣለሁ። ከተዋችሁት ወዲህ ምን ብዬ ልምጣ?»

ሙሐዲን አፉን በእጁ ያዘ። ያቺን ዱካ ባዶ ሆና ዓመት ሙሉ አይቷታል፣ አንድም ቀን ምንድን ነው ብሎ አላሰበም። በሃያ ስድስት ዓመት ሥራው ውስጥ የደንበኛን ልክ እንዲህ አድርጎ የሳተበት ቀን የለም።

ካውፖ ሲሃምን ምን አሉ ብሎ ጠየቃት። ነገረችው። ሰውዬው እጆቹን ከኪሱ አወጣ። ከምድጃው ላይ አንድ ትልቅ ድስት አነሣ፤ ውስጡ ገንፎ ይኑር አይኑር አልታየም፣ ጠረጴዛው ላይ ደፋውና ሁለት የእንጨት ማንኪያ ይዞ ወረደበት። ካልሲ የለም፣ ትራስ የለም። ማጉያው እስከ ጥጉ ተከፍቶ ስለነበር የሱቁ ቆርቆሮ ተንጫጫ። ገረሱ ራሱን ከጉበኑ ጋር አጋጨ። ታርሞ ወደ ጓደኛው ዞሮ አየ፤ መጀመሪያ እንደ ልማዱ በሹክሹክታ ገባ፣ ከዚያ አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተወጠረ፣ ከዚያ እንደዚያ እንደ ድሮው፣ እንደ ወያላው፣ ለቀቀው።

ሙሐዲን መቼ እንደተቀመጠ አያውቅም። እግሩ ፔዳሉ ላይ ነበር፣ እግሩም አላስፈቀደውም። ያልተቆረጠ ክር፣ ያልተነጠፈ ጨርቅ፣ ምንም አላቆመውም፤ ሱሪው ከዚህ ገብቶ ከዚያ ወጣ። እንባው ጉንጩ ላይ ይወርዳል፣ አላበሰውም፣ ሁለቱም እጆቹ ሥራ ላይ ናቸው።

ከግድግዳው ማዶ ዷ አለ። ሁሉም ወደ ወይዘሮ አስካለማርያም ዞሩ፤ እሳቸው ዱካው ላይ ናቸው፣ ይሄኛው በራሱ ነው የወደቀው። ፊታቸው በራ። ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡ፣ ገረሱን ገፍተው ወጡ፣ የራሳቸው በር ሲከፈት ተሰማ። ብዙም አልቆዩ። የሻምበልን ፎቶ ታቅፈው፣ እንደ አዲስ እንግዳ ደጁን አንኳኩተው ገቡና ዱካቸው ላይ ተቀመጡ።

«ሙሐዲን፣ ኧረ ተው እባክህ» አሉ። «ሻምበልን ጣልክብኝ እኮ።»

ሙሐዲን ይቅርታ ጠየቃቸው፣ ሲሃምን ሻይ እንድታዝ ላካት፣ ሚስማር አቀበለ። ከዚያ ትንሽ አሰበና በሰባት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን ወደ ማጉያው ሰድዶ ያቺን የጠርሙስ ክዳን የምታህለውን ነገር ፀጉር ያህል ወደ ግራ አዞራት።

ወይዘሮ አስካለማርያም ከፎቶው ላይ ቀና አሉ።

«ማነው ንካው ያለህ?»

ሙሐዲን ወደ ቦታዋ መለሳትና ቀጣዩን ሱሪ አነሣ።